ጉንዳኖቹ ከገጠር ተከትለዋት መጡ

ማሪኪና፣ ጁን 9 ቀን 1988

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ ለሊጋያ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። እመቤታችን በገባሽበት ሁሉ ጥላሽ ትሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ባለቤቴ ጋስፓርም ሳሉ ለቆታል፣ እኔም ወገቤን ካልቆጠርሽው ደህና ነኝ።

ልጅሽ አርሊን ትናንት ከእናታችን ዘንድ ከገጠር ተመለሰችልኝ። ተመለሰች ልበል እንጂ የመለሱልኝስ ሌላ ልጅ ነው! በጋውን ሙሉ ምን ስትበላ እንደከረመች ልንገርሽ? ጠዋት ማንጎ፣ ቀን የኮኮናት ከረሜላ፣ ማታ በስኳር የተጠበሰ ሙዝ። “ራትስ?” ብላት፣ “ራት ማን ይበላል፣ ሁላችንም ደጅ ስንጫወት እናመሽ ነበር” አለችኝ። ጉንጯ ተነፍቶ ዓይኗ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ለእናታችን ተቆጥቼ ብልክባት “ልጅ በበጋ ካልቀበጠ መቼ ሊቀብጥ ነው?” ብላ መለሰችልኝ። እኛን በኩርኩም ያሳደገች ሴት እኮ ናት! የልጅ ልጅ ሲመጣ ሁሉም መልአክ ይሆናል።

ስለዚህ ሕግ አውጥቻለሁ። ዝናቡም ገብቷል፣ ትምህርትም ተከፍቷል፣ ቀልድ አበቃ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁሉም ሰው ማዕድ ላይ ነው። ጋስፓርም ቢሆን የሚያዋጋቸውን ዶሮዎቹን ተሰናብቶ ይመጣል። በመሃል መቆነጣጠር የለም፣ ከረሜላ የለም። ዶሮ በዝንጅብልና በሽፈራው ቅጠል፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ መራራው ቅል፣ ሩዝ። ትናንት መራራውን ቅል አየችና “አክስቴ፣ ይሄ ምግብ ነው ወይስ ቅጣት?” አለችኝ። “ሁለቱም ነው፣ ብይ!” አልኳት። ጋስፓር ሳቁን ሊደብቅ ሲል ሾርባው ውስጥ ሊደፋ ነበር።

የዩኒፎርም ሰሞን ስለሆነ ከስፌት መኪናው አልነሳም። የእሷንም ቀሚስ ሰፍቻለሁ፤ ወገቡን ለቀቅ አድርጌዋለሁ፣ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ።

አንድ ልመና አለኝ፤ በምትልኪው ሳጥን ውስጥ ቸኮሌት እንዳላይ። ከላክሽ እኔው ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ፣ ኃጢአቱ ባንቺ ነው። ስለ ልጅሽ ግን ምንም አትስጊ። በእኔ እጅ ናት።

እህትሽ ፓሲታ

*

ሆንግ ኮንግ፣ ጁን 21 ቀን 1988

ለእትዬ ፓሲታ፣

እግዚአብሔር ወገብሽን ያጽናልኝ፣ ሌላ ምን እመርቅሻለሁ! ለጋስፓርም፣ ለዶሮዎቹም ሰላም በይልኝ። እኔ በሰው አገር ቢሆንም ጤናዬ አልጎደለም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

ደብዳቤሽን እሑድ አደባባዩ ላይ ከአገራችን ልጆች ጋር ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። “ሁለቱም ነው፣ ብይ!” የሚለው ጋ ስደርስ አንደኛዋን ሩዝ ትን አላትና ጀርባዋን መታናት። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ወደየሳህኑ አቀረቀረ። የየራሳቸውን ልጅ ማዕድ እያሰቡ ነበር መሰለኝ።

እኔ እዚህ ራቴን የምበላው ቆሜ ነው። መጀመሪያ ለሽማግሌው፣ ለሚስተር ቹንግ፣ መርፌውን እወጋዋለሁ፣ ከዚያ አበላዋለሁ፣ ከዚያ አስተኛዋለሁ፤ የተረፈኝን ማድ ቤት ቆሜ እጎርሳለሁ። የስኳር በሽታ እንዳለበት ነግሬሻለሁ መቼም። ከረሜላ ትራሱ ሥር ይደብቃል፤ ያገኘሁበት ቀን እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አየሽ፣ አንቺ ከልጅ እኔ ከሽማግሌ ጋር በከረሜላ ስንጨቃጨቅ እንውላለን።

እትዬ፣ ሕግሽን ወድጄዋለሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን እኔም ሰዓቴን አያለሁ፤ “አሁን ተቀመጡ፣ አሁን ጋስፓር ጸሎቱን አሳጠረ፣ አሁን አርሊን ቅሉን ሳህኗ ጥግ ደበቀች” እላለሁ። ከሄድኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት፤ ፊቷን የማውቀው በፎቶ ነው። አዲሱን ዩኒፎርም ለብሳ አንድ ፎቶ አስነሺልኝ። ጉንጯ ቢነፋም ግድ የለኝም፣ እንዲያውም እሱን ነው ማየት የምፈልገው።

ቸኮሌቱን ከሳጥኑ አውጥቻለሁ። ግማሹን።

ታናሽሽ ሊጋያ

*

ማሪኪና፣ ጁላይ 4 ቀን 1988

ለውድ እህቴ ለሊጋያ፣

ቸሩ ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የሰው አገር ውሃ ይስማማሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ብቻ ነው ያስቸገረን፤ አንሶላ በየቀኑ እያጠብኩ የማሰጣበት አጣሁ።

የምሥራች ልንገርሽ፤ ልጅሽ በልታለች! ያቺ ቅል ስታይ ፊቷን የምታጨማድድ ልጅ አሁን ሁለተኛ ሳህን ራሷ ትጠይቃለች። ሦስተኛም ትደግማለች። ጋስፓር “ይህቺ ልጅ እኔን ልትበላኝ ነው” ይላል። ሕግ ማለት እንዲህ ነው እህቴ! ማዕድ በሰዓቱ ሲቀርብ ሆድም ሥነ ሥርዓት ይይዛል። የበጋው ስብ ደግሞ እንዴት እንደረገፈ ብታዪ! ቀሚሷን አጥብቤላት ነበር፣ በዚህ ሳምንት ደግሞ እንደገና አጠበብኩት። ጎረቤታችን ባለሱቋ ባሲያ “ምን አድርገሽላት ነው እንዲህ የቀጠነችው፣ ለእኔም አድርጊልኝ” ትለኛለች። የእሷ ወገብ በሽፈራው ቅጠል የሚመለስ እንዳይመስልሽ።

ውሃ ደግሞ እንደ ጉድ ትጠጣለች። ማሰሮውን ጠዋት ሞልቼ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባዶ ታደርገዋለች። ለስላሳውን ስለከለከልኳት ነው፤ ውሃ ማን ይጠላል። አልፎ አልፎ ራት ላይ ታንቀላፋለች፤ የዘንድሮ ትምህርት ከብዷታል። አስተማሪዋ በየመሃሉ ለሽንት ትወጣለች ብላ አማረረችልኝ። ከክፍል ለመሸሽ ነው፤ እኛስ እንዲያ አልነበርን?

ፎቶውን በሚቀጥለው አስነሳታለሁ። ዝናቡ ያቁም።

ቫይታሚን ካገኘሽ ላኪልኝ። ለእሷ ሳይሆን እንዲያው ለቤት። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ ስለ እኛ አታስቢ።

እህትሽ ፓሲታ

*

ሆንግ ኮንግ፣ ጁላይ 15 ቀን 1988

ለእትዬ ፓሲታ፣

የሰማይ አምላክ ቤታችሁን ይጠብቅልኝ።

መጀመሪያ ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር። “በላች፣ ቀጠነች” የሚለውን ለጓደኞቼ አንብቤላቸው እልል አሉ። ማታ ብቻዬን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሦስት ሳህን የምትበላ ልጅ ስለምን ትከሳለች? እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ግን የሚበላ ሰው ሲወፍር እንጂ ሲቀጥን አላየሁም።

አንሶላው ደግሞ ምንድን ነው እትዬ? በየቀኑ የሚታጠበው የማን አንሶላ ነው? ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ናት።

አትቆጪኝ። አንቺ ስትቀልጂ እኔ እፈራለሁ። አባታችን በሚሞትበት ሰሞን የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ታስታውሻለሽ? “ሾርባው ጨው በዛበት ብሎ ሳህኑን ወረወረብኝ፣ ገና ጉልበት አለው” ብለሽ ነበር። ስስቅ ቆይቼ በሳምንቱ መርዶው መጣ። ቀልድሽን አውቀዋለሁ፤ ከጀርባው ምን እንደምታስቀምጪም አውቃለሁ።

ፎቶውን ላኪልኝ። ዝናብ እየጣለም ቢሆን ላኪልኝ። ሐኪምም ያያት። አንድ ጊዜ ብቻ ያያትና “ምንም የለባትም” ይበለኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ሳቂብኝ። ቫይታሚኑን ልኬአለሁ።

ከፈለግሽኝ እመጣለሁ። አሠሪዬን እለምናታለሁ።

ሊጋያ

*

ማሪኪና፣ ጁላይ 28 ቀን 1988

ለእህቴ ለሊጋያ፣

የእመቤታችን ምሕረት ከአንቺም ከእኛም አይራቅ።

እንግዲህ ዛሬ አልቀልድም፤ አንቺም ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ጤና ኬላ ወስጃት ነበር። ነርሷ ሆዷን ነካክታ “ወስፋት ነው” ብላ መድኃኒት ሰጠችን፤ ዋጠች፣ የወጣም የወረደም የለም። አንሶላውም የእሷ ነው። አልጋዋ ላይ መሽናት ጀምራለች። አፍራ ጠዋት ጠዋት ራሷ ልታጥበው ስትታገል አገኘኋት፤ “ለእማዬ እንዳትጽፊላት” አለችኝ፣ ምን ልበላት? እሺ አልኳት። ለዚህ ነው ያልጻፍኩልሽ፤ ለልጅ የሰጡትን ቃል ማፍረስ ደስ አይልም።

ነገሩን ያወቅነው በጉንዳኖቹ ነው። ካልጋዋ ሥር ፖፖ አስቀመጥኩላት። ጠዋት ላወጣው ስል ጉንዳን ከቦታል! ከግድግዳው ስንጥቅ እስከ ፖፖው ድረስ ተሰልፈው። አጠብኩ፣ በነጭ ጋዝ አበስኩ፣ ቦታውን ቀየርኩ። በማግሥቱም መጡ። ወደ እኔ ፖፖ አይመጡም፣ ወደ ጋስፓር አይመጡም፤ ወደ እሷ ብቻ ነው። ቁጭ አድርጌ ጠየቅኳት፤ “በገጠር ኩይሳ ላይ ሸንተሻል?” አመነች። ከአያቷ ቤት ኋላ ካለው ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ እየተጫወቱ ሳለ፣ “ይቅርታ አባቴ፣ ልለፍ” ሳትል! እናታችን ስንቴ ነው እኛን ያስጠነቀቀችን? ኩይሳው ውስጥ የሚኖረው ሽማግሌ መንፈስ ቤቱን ላረከሰበት ምሕረት እንደሌለው አንቺም ታውቂያለሽ። ጉንዳኖቹ የእሱ ናቸው። ከገጠር ድረስ ተከትለዋት መጡ።

ሥር ማሹን ሲንዶን አስመጣሁት። ሻማ አቅልጦ ውሃ ላይ አንጠባጠበ፤ ሰሙ ሲረጋ ቁጢጥ ያለ ሽማግሌ ሆኖ ወጣ። ጋስፓርም አየው፣ እኔም አየሁት። ሲንዶ ያዘዘው ከባድ አይደለም፤ ወፍራም የዝንጅብል ሻይ፣ ጥቁር ስኳር በዛ ተደርጎበት፣ ጠዋትና ከራት በኋላ። የኩይሳው ሽማግሌ ጣፋጭ ስለሚወድ ሆዷ ሲጣፍጥ ይታረቃታል አለ። እናታችንም እዚያ ኩይሳው ሥር ጣፋጭ ሩዝ አስቀምጣለች።

ሻዩን ግጥም አድርጋ ትጠጣዋለች፤ የውሃ ጥሟ ገና አልቆረጠም። ትናንት ትንሽ አስመለሳት፤ ሲንዶ “ሊለቃት ሲል ነው” ብሎኛል። ትንፋሿ የበሰለ አናናስ ይሸታል። ሻዩ ነው መሰለኝ።

አትምጪ። ውልሽን አታፍርሺ። ከመጣሽ ይዘሻት ትሄጂያለሽ ብዬ ነው እንዳትይ፤ እንዲያው አትምጪ። ይሄ እኛው እዚሁ የምንጨርሰው ነገር ነው። ራት በሰዓቱ ይቀርባል፣ አብረናት እንቀመጣለን፣ ጋስፓር ማንኪያዋን ይይዝላታል።

ፓሲታ

*

ሆንግ ኮንግ፣ ኦገስት 5 ቀን 1988

እትዬ፣

ሰላምታ የለኝም። ሻዩን ከእጇ ንጠቂ! አሁን! ይህን ቁጭ ብለሽ አትጨርሺው፣ ተነሺና ደፍተሽው ተመለሺ።

ጉንዳኖቹ የማንም ሽማግሌ አይደሉም። የሚስተር ቹንግ ፖፖ በረንዳ ላይ ካደረ ጉንዳን ይወረዋል። እዚህ ኩይሳ የለም፣ ፎቅ ላይ ነን እኮ! ስኳር ነው እትዬ። ሽንቷ ውስጥ ያለው ስኳር ነው፤ ጉንዳን የሚጠራው እሱ ነው። ጥማቱም፣ ክሳቱም፣ እንቅልፉም እሱ ነው። የሽማግሌና የወፍራም ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር። በልጄ ይመጣል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። አንቺ ደግሞ ስኳር በስኳር ላይ እየጨመርሽባት ነው።

ደብዳቤሽን ይዤ ወደ አሠሪዬ፣ ወደ ሽማግሌው ልጅ፣ ሮጥኩ። “ትንፋሿ አናናስ ይሸታል” የሚለውን ስተረጉምላት ፊቷ ተለወጠ። ስልኩን አንስታ በእጄ አስያዘችኝ። ምነው አንድ ነገር ባለችኝ!

ባሲያ ሱቅ ስደውል ዋልኩ፤ አውሎ ነፋሱ መስመሩን በጥሶታል ይሉኛል። ቴሌግራም ልኬአለሁ። ይህ ደብዳቤ ከቴሌግራሙ በኋላ እንደሚደርስሽ አውቃለሁ፤ ታዲያ እጄን የት ላድርገው? ሆስፒታል ውሰጃት። ጤና ኬላ አይደለም፣ ሆስፒታል። “ስኳር” በያቸው። ካልገባቸው ጮክ ብለሽ በያቸው።

አምላኬ ሆይ፣ ይህን ስታነቢ ልጄ የት ናት?

ሊጋያ

*

ማሪኪና፣ ኦገስት 8 ቀን 1988

ሊጋያ፣

አልሞተችም። መጀመሪያ ይህን አንብቢ። አልሞተችም፣ ግን አልነቃችም።

የምጽፍልሽ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። ነርሷ ነች ወረቀቱን የሰጠችኝ። ጋስፓር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

ቴሌግራምሽ ዓርብ ዕለት ማዕድ ላይ ሳለን ደረሰ። ጎርፉ እስከ ጉልበት ነው፣ የፖስታው ሰው ሱሪውን ጠቅልሎ ነው የመጣው። ጋስፓር አነበበልኝ፤ “ስኳር ነው፤ ሻዩን ተዉ፤ ሆስፒታል ውሰዷት።” እኔ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩ። “ከዚያ ሆና ምን ታውቃለች? ራቷን ትብላና ነገ እንወስዳታለን” አልኩ። ዞር ብዬ “ብይ እንጂ አርሊን” ስላት ማንኪያዋን እንደያዘች ተኝታለች። ሁልጊዜ ስለምታንቀላፋ ትከሻዋን ነካ አደረግኳት። ማንኪያው ወደቀ። እሷ አልነቃችም። ዓይኗን ገልጬ አየሁት፣ ዓይኗ አላየኝም። አተነፋፈሷ ሮጦ እንደመጣ ሰው ነው፣ ተኝታ እያለች! ጋስፓር ወንበሩን ገልብጦ ታቅፏት ወጣ። እኔ በባዶ እግሬ ተከተልኩት። ባሲያ ከኋላችን ገብታ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ስታዞር በመስኮት አየኋት፤ ማዕድ ሳያልቅ የወጣ መንገደኛ በሰላም እንዲመለስ። “አዙሪ! የእሷንም አዙሪ!” እያልኩ ጎርፉ ውስጥ እጮሃለሁ፣ እንደ እብድ።

አንድ ጂፕኒ የሚሉት የሕዝብ መኪና ሞተሩ ውሃ ሊገባበት ምንም ሳይቀረው እየተንገጫገጨ አደረሰን። ሐኪሙ ወጣት ነው። ትንፋሿን አሸተተና መሮጥ ጀመረ። “ስኳር ናት! እህቴ ስኳር ብላለች!” አልኩት ጮክ ብዬ፣ ቴሌግራምሽ እንዳለው። “ምን ስትወስድ ነበር?” አለኝ። ነገርኩት። ምንም አልተቆጣኝም፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

“ዛሬን ካደረች እናያለን” ብሎኝ ነበር፤ ያን ቀን አድራለች። አሁንም እንደዚያው ነው የሚለኝ። በክንዷ ውሃ እየገባላት ነው። እጇን ስይዘው ሕፃን ሳለች አንቺ ሰጥተሽኝ የሄድሽውን እጅ ያህል ነው፣ አጥንት ብቻ። በየሳምንቱ ቀሚሷን እያጠበብኩ ይህን እጅ ሳላየው ነው እንዴ?

እፈራለሁ ሊጋያ። ነርሷ በመጣች ቁጥር እፈራለሁ።

ፓሲታ

*

ሆንግ ኮንግ፣ ኦገስት 19 ቀን 1988

ለእትዬ ፓሲታ፣

ስሙ የተመሰገነ ይሁን! “ነቃች፣ ውሃ ጠየቀች፣ ሰደበችኝ” የሚለው የጋስፓር ቴሌግራም ከደብዳቤሽ ቀድሞ ባይደርሰኝ ኖሮ ዛሬ እኔ አልኖርም ነበር። ምን ብላ እንደሰደበችው ጠይቂልኝ፣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ተናድጄብሻለሁ እትዬ። አልደብቅሽም። ሌሊቱን ሙሉ ስረግምሽ አድሬ ጠዋት ላይ ማልቀስ ጀመርኩ። እኔም እኮ ያደግኩት ያንኑ ኩይሳ እየፈራሁ ነው። እዚያ ብሆን ኖሮ ሲንዶን እኔ ራሴ ነበር ሮጬ የምጠራው። ይህን አስቤ ነው ንዴቱ የለቀቀኝ፤ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው።

አሁን ስሚኝ። ሲሻላት ወደ ቤት ትወስጃታለሽ፣ መርፌውም በእጅሽ ነው። እኔ በየማታው የሰው አባት እወጋለሁ፤ ለልጄ ግን እጄ አይደርስም። ስለዚህ እጄን በወረቀት እልክልሻለሁ። ብልቃጡን አትወዝውዢው፣ በመዳፍሽ መሃል ቀስ ብለሽ አንከባልዪው። ጭኗን ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢ። ቶሎ ውጊ፣ የሚያመው ዝግታው ነው። አንቺ ዕድሜሽን በመርፌ የፈጀሽ ሴት ነሽ፣ ይሄ ምንሽ ነው? ከወጋሻት በኋላ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የግድ ትብላ። መርፌው ስኳሯን ያወርደዋል፤ ምግብ ካልተከተለው ያ ደግሞ በተራው ይገድላል። ከተንቀጠቀጠች፣ ላብ ካጠመቃት፣ ስኳር አፏ ውስጥ አድርጊ። አዎ፣ ስኳር።

አሠሪዬ “ከሄድሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ” ብላኛለች። መድኃኒቱ ውድ እንደሆነ አንቺም ሰምተሻል። ልምጣ ወይስ ሥራዬን ልያዝ? እኔ መወሰን አቃተኝ። ከእሷ ጋር ያለሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ንገሪኝና ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ሊጋያ

*

ማሪኪና፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1988

ለምወድሽ እህቴ ለሊጋያ፣

የተረፈችልንን ያተረፈልን አምላክ አንቺንም ይጠብቅልኝ።

“ዶሮዎችህ ከአንተ ይሻላሉ፣ ቶሎ ይነቃሉ” ነበር ያለችው። ስድብ ነው ይሄ? ጋስፓር ለሰፈሩ ሁሉ እየዞረ ነው የሚያወራው።

ትናንት ቤት ገባን። መድኃኒቱን ባሲያ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ፣ ከለስላሳው ጎን ቦታ ለቃልኛለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እጄን ታጠብኩ፣ ብልቃጡን አንከባለልኩ፣ ጭኗን ያዝኩ። ዕድሜዬን በመርፌ መፍጀቴ እውነት ነው ሊጋያ፤ ጨርቅ ግን ቀና ብሎ አያየኝም። “አክስቴ፣ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ አንቺ ግን እንዳትጨፍኚ” አለችኝ። ወጋኋት። ተሳካ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ሩዙን ላወጣ ስሄድ ምድጃው ጠፍቷል። ነጭ ጋዙ አልቋል፣ ሩዙ ጥሬ ነው። በሆስፒታሉ ጣጣ ጋዝ መግዛቱን ማን አሰበው? ጋስፓር ጀሪካኑን ይዞ ዝናቡ ውስጥ ሮጠ። እኔ ሰዓቱን አያለሁ፣ እሷን አያለሁ። ከዚያ “አክስቴ፣ እግሬ ጠፋብኝ” አለችኝ። ከንፈሯ ነጥቷል። ግንባሯ ላይ ላብ። ወደ ስኳር ጣሳው ዘለልኩ፣ ባዶ ነው! ለካ ከሆስፒታል ልብሷን ልወስድ የመጣሁ ዕለት በንዴት ቤት ውስጥ ያለውን ስኳር፣ ማሩን፣ ያንቺን ቸኮሌት ሳይቀር ጎርፉ ውስጥ ደፍቼዋለሁ። ጭንቅላቴን በእጄ የመታሁት ያኔ ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ማዕዴ፣ ሁለተኛ ልገድላት ነው።

መስኮቱን ከፍቼ ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላውቅም፤ ባሲያ “ስኳር! ስኳር! የሰው ያለህ!” ስትይ ነበር ትላለች። ጃንጥላም አልያዘችም፣ ስኳሩን በጭብጧ ይዛ መጣች፤ ዝናቡ እጇ ውስጥ ወደ ሊጥነት ቀይሮታል። በጣቴ ድዷ ላይ ቀባሁላት። “ዋጪ የኔ እናት፣ ዋጪ!” እያልኩ። ስንት ወር ሙሉ “አትብዪ” ስላት የኖርኩትን! ከዚያ ከንፈሯ ቀላ፣ ዓይኗ ተመለሰ፣ “ይሄ ስኳር ሳሙና ሳሙና ይላል” አለች። ባሲያ ልብስ እያጠበች ነበር።

በዚህ መሃል ሰፈሩ ሁሉ በሬ ላይ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ራት በሳህን ይዞ። የአንዱ ዓሣ፣ የአንዱ ሩዝ፣ የአንዱ ባቄላ፣ በዝናብ የበሰበሰ። ለምን እንደመጡ እንኳ ገና አልገባቸውም፤ “ልጅቷ አሁን መብላት አለባት” የሚለውን ብቻ ሰምተው ነው። አርሊን ጠረጴዛውን አየችና “የማን ልደት ነው?” አለች። ቁጭ ብላ በላች። ሁሉም ቆመው አዩዋት። አንድ ሰው ሩዝ ሲጎርስ ያን ያህል ሕዝብ ትንፋሹን ይዞ ሲያይ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ልምጣ ወይ ብለሽኛል። ስመልስልሽ ሰነበትኩ፤ ሦስቴ “አትምጪ” ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ እውነት ነው፤ እኔ ተጨማሪ ቀሚሶች እሰፋለሁ፣ ጋስፓር ዶሮዎቹን እንደሚሸጥ ነግሮኛል፣ ሲነግረኝም አላለቀሰም። የሚከለክለኝ እሱ አይደለም። ከመጣሽ ይዘሻት ትሄጂያለሽ ብዬ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያንን ብቻ ስፈራ ኖሬአለሁ። ትናንት ግን ድዷን ስኳር ስቀባ ያ ፍርሃት ትንሽ ነገር ሆነብኝ።

ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ነገም ይሆናል። እኔ ትልቋ ነኝ፣ ለአባታችንም ለአንቺም “አይዞሽ” ስል ነው ያረጀሁት፤ አሁን ግን እኔንም “አይዞሽ” የሚለኝ እፈልጋለሁ። ነይ ሊጋያ። መርፌውን አንቺ ውጊ፣ ሩዙን እኔ እቀቅላለሁ።

ፓሲታ